ዜሮ ነጥብ ስድስት

«ዜሮ ነጥብ ስድስት!» አለች ሀዲል፣ ስልኳን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል እንደያዘች። «ለሜሳ፣ አሁንም ያው ነው። ሁለተኛው ሙከራም ተበላ እኮ!»

«ቆይ፣ አትጩሂብኝ» አለ ለሜሳ፣ ከኮምፒውተር መጠገኛ ሱቁ ሆኖ። «ስንት ነው የሚፈልገው?»

«አምስት ሜጋ። ያውም በገመድ ብቻ። ዋይፋይ አይቀበልም።»

ለአራት ሰዓት ሃያ አምስት ደቂቃ ቀርቷል። በአራት ሰዓት ሀዲል ከግቢው ጀርባ ባለችው ክፍሏ ተቀምጣ ለስልክ አስተርጓሚነት ትፈተናለች። ሐኪሙ በአንድ በኩል፣ የበርታን ቋንቋ ወይም ዐረብኛ ብቻ የሚችለው በሽተኛ በሌላ በኩል፣ እሷ መሀል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ ስትፈልግ አሶሳ ውስጥ ያላንኳኳችው ቢሮ የለም፤ እንዲህ ያለ ዕድል ግን አንድም ቀን አጋጥሟት አያውቅም። ፕሮግራሙ ደግሞ ጨካኝ ነው። ከፈተናው በፊት የኢንተርኔት መስመሩን ፍጥነት ይለካል፤ ሦስት ጊዜ ካነሰበት «ከስድስት ወር በኋላ ይሞክሩ» ብሎ ይዘጋል። የቀራት አንድ ሙከራ ነው።

ይህ አልበቃ ብሎ ሽማግሌዎች መጡ። የላካቸው መምህር ኦመር ነው። ሀዲል ኦመርን አትጠላውም፤ እውነቱን ለመናገር ትወደዋለች። ግን ከሰዓት በኋላ እንመጣለን ያሉ ሰዎች፣ መኪና አገኘን ብለው ከሆሞሻ በጠዋት ከች ይበሉ? አሁን ሳሎን ተደርድረው ቀዩን የከርከዴ ሻይ እየጠጡ ነው። አባቷ አቶ አብዱልረሂም አስጠንቅቀዋታል፤ «እስክትጠሪ ድረስ እዚህ እንዳላይሽ። ዛሬ እንኳ አታሳፍሪኝ» ብለዋታል። ኢንተርኔቱን የሚያከፋፍለው ራውተርስ የት ነው? ሳሎን፣ ከሽማግሌዎቹ ራስ በላይ!

«መጀመሪያ ራውተሩን አጥፍተሽ አብሪው» አለ ለሜሳ።

ሀዲል እንዳትታይ፣ በእሷ ፈንታ እናቷ ሳሊማ የከርከዴውን ማንቆርቆሪያ ይዘው ሳሎን ገቡ። ሲመለሱ ላብ በላብ ሆነዋል።

«አጥፍቼ አበራሁት። ሼህ ብኸይታ ምንድነው ሲሉኝ፣ አቧራ ልጠርግ ነው አልኳቸው። በልጄ የተነሳ ሽማግሌ ልዋሽ!»

ሀዲል ሙከራዋን ላለማባከን በሌላ መለኪያ ለካች። ዜሮ ነጥብ ሰባት።

«ሳሎን ውስጥ በስልክሽ ለክተሽ ታውቂያለሽ?» አለ ለሜሳ።

«ትናንት ማታ ሰባት ሜጋ ነበር።»

«እንግዲያው መስመሩ ጤነኛ ነው። ችግሩ ከራውተሩ እስከ አንቺ ያለው ገመድ ላይ ነው። ውጪና ተከተዪው።»

ወጣች። ገመዱ በመስኮቷ ወጥቶ የቀርከሃውን አጥር ተከትሎ ይሄድና ከሳሎኑ ጣሪያ ሥር ይገባል። አጥሩ መሀል ላይ በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ እብጠት አገኘች። ፈታችው። መብራት ዘርጊው ወንድሟ ዋሊድ ባለፈው ክረምት ገመዱ ሲያጥርበት ሌላ ቁራጭ ቀጥሎበት ኖሯል። ስምንቱን ቀጫጭን ሽቦዎች እንደለመደው ጠምዝዞ አስሯቸዋል። ውስጡ ዝናብ ገብቶበት አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል።

«ወይ ዋሊድ!» አለ ለሜሳ ስትነግረው። «አምፖል የሚያበራ መሰለው እንዴ? በቃ ተዪው፣ አሁን አይጠገንም። አዲስ ገመድ ይዤ ብነሳ እንኳ ባጃጅ ተገኝቶ ግማሽ ሰዓት ነው። ከራውተሩ ጋር የመጣች አጭር ገመድ የለችሽም?»

«አለች። አንድ ሜትር የማትሞላ።»

«እንግዲያው ኮምፒውተሩን ራውተሩ ጋ ውሰጂዋ!»

አሥራ አራት ደቂቃ ቀርቷል። ሀዲል ፈራች። ሽማግሌዎቹ ተቆጥተው ቢነሱስ? ኦመርስ ምን ይላል? ካልሞከረች ደግሞ ስድስት ወር መጠበቅ አለባት። ገብታ የኮምፒውተሩን ሽቦዎች መንቀል ጀመረች።

«ምን ልትሆኚ ነው?» አሉ እናቷ።

«እማ፣ ስክሪኑን ያዢልኝ።»

«አበደች ይሉሻል እኮ!»

«ይበሉ።»

ሳሊማ አላህን እየተማጸኑ ስክሪኑን አቀፉት። ሀዲል ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ የኮምፒውተሩን ሳጥን ደረቷ ላይ ታቅፋ የሳሎኑን በር በክርኗ ገፋች።

«አሰላሙ አለይኩም።»

አራቱ ሽማግሌዎች ሰላምታዋን መለሱ። የአባቷ ፊት ጠቆረ።

«ሀዲል!»

«ይቅርታ አባ። አሥር ደቂቃ ብቻ ነው የቀረኝ።»

ሼህ ብኸይታ እግራቸውን ሰበሰቡላት። እሳቸውና ግድግዳው መሀል ተንበርክካ አጭሯን ገመድ ሰካች። ኮምፒውተሩ እስኪነሳ ዓመት ሆነባት። ሦስተኛውን ሙከራ ነካች። አንድ ነጥብ ሁለት። ሦስት። አራት ነጥብ አምስት ላይ ቆመ፤ እሷም ትንፋሿ ቆመ። ከዚያ ስድስት ነጥብ ስምንት አለና አረንጓዴ ሆነ።

«አልሐምዱሊላህ!» ብላ ጮኸች። አንደኛው ሽማግሌ ከርከዴያቸው ተደፋባቸው።

ስክሪኑ ላይ ሌላ ጽሑፍ መጣ። ፈተናው አርባ ደቂቃ ይፈጃል፤ ክፍሉ ውስጥ ድምፅ መሰማት የለበትም። ሀዲል ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች።

«አባቶቼ፣ የሥራ ፈተና ነው። አርባ ደቂቃ ዝም በሉልኝ፣ አደራችሁን።»

አባቷ ዓይናቸውን ምንጣፉ ላይ ተከሉ። ሼህ ብኸይታ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ወደ እሷ ዞሩ።

«እኛ እኮ የመጣነው ስላንቺ ልንነጋገር ነበር» አሉ። «እስቲ ንገሪኝ፤ ካገባሽም በኋላ ነገርሽ እንዲህ ነው?»

ለዛሬ ብቻ ነው ብትል ሁሉም እፎይ እንደሚሉ ታውቃለች። እናቷም ከበሩ ሆነው እንደዚያ በዪ እያሉ በዓይናቸው ይለምኗታል። አራት ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ቀርቷል።

«አዎ፣ እንዲህ ነው» አለችና ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ «ጀምር» የሚለውን ተጫነች።