የራዲያተር ወንፊት

ፈጣሪ ፌንጣን ሲፈጥር ምን እንዳሰበ እኔ አላውቅም። ሞተር ሳይክል የሚነዳ ሰው ትዝ እንዳላለው ግን እርግጠኛ ነኝ። ክትባት በቀዝቃዛ ሳጥን ጭኜ ከከተማው መጋዘን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ማመላለስ ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ ከዝናቡም፣ ከጭቃውም፣ ሞተር ሲያይ ካልነከስኩ ከሚለው ውሻም ጋር ተስማምቼ ኖሬያለሁ። ከፌንጣ ጋር ግን እስከ ዛሬ አልታረቅንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት የተሰጠችኝ ሞተር ሳይክል ከፊት ጎማዋ ኋላ ራዲያተር አላት። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ የሚዞርበት፣ በቀጫጭን የቆርቆሮ ቅጠሎች የተሞላ ነገር ነው፤ ስፋቱ ከአንድ ደብተር ብዙም አይበልጥ። በቅጠሎቹ መሀል ነፋስ እስካለፈ ድረስ ሰላም ነው። አዝመራ ሲደርስ ግን ፌንጣው፣ ጢንዚዛው፣ ገለባው፣ ከፊት ያለ መኪና ጎማ የሚያፈናጥረው ጠጠር ሳይቀር እዚያ ይሰገሰጋል። ነፋሱ መግቢያ ያጣል፣ ውሃው ይፈላል፣ እኔም ሳጥኔን ታቅፌ መንገድ ዳር እቆማለሁ። በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ እንዲህ ሆንኩ። በሁለተኛው ጊዜ የሳጥኑ በረዶ ቀልጦ የአርባ ሕፃናት ክትባት ተጣለ።

የመጋዘኑ ኃላፊ ክፉ ሴት አይደለችም። መድኃኒት ሲጣል ግን ዘመድ አታውቅም።

«ስማ፣ ሦስተኛ ጊዜ ካፈላህ ሞተር ሳይክሏን ለሌላ ሰው ነው የምሰጣት» አለችኝ። «አንተ እዚሁ መጋዘን ካርቶን ትደረድራለህ።»

ካርቶን መደርደር ነውር የለውም። እኔ ግን መንገድ የለመድኩ ሰው ነኝ፤ በየመንገዱ የሚያውቁኝ እናቶች አሉ፣ የሞተሬን ድምፅ ሰምተው ልጆቻቸውን አዝለው የሚወጡ።

በዚያው እሑድ ግቢ ውስጥ ቁጢጥ ብዬ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ የፌንጣ እግር ከራዲያተሩ እየለቀምኩ፣ እየለቀምኩም የፌንጣን ዘር ማንዘር እየረገምኩ ሳለ፣ አማቼ ከተቀመጡበት ወንበር «ምንድነው እንዲህ የሚያሳድብህ?» አሉኝ።

አማቼ ወንፊት ሠሪ ነበሩ። የፕላስቲክ ወንፊት ገበያውን ሲሞላው የሳቸውን የሚጠይቅ ጠፋ። ቀጥሎ ዓይናቸው ደከመ፣ ቀጥሎ ባለቤታቸው ሞቱ፣ በመጨረሻ እኛ ቤት ገቡ። ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር «እንዴት አደሩ» እና «እንዴት አመሹ» ከመባባል አልዘለልንም። እኔ ደክሜ እገባለሁ፤ እሳቸው ግድግዳ ተደግፈው ዝም። ባለቤቴ «አባዬ እኮ ጨዋታ አዋቂ ነበር» ስትለኝ፣ አዬ የልጅ ፍቅር፣ እያልኩ አልፋት ነበር።

የገጠመኝን ነገርኳቸው። ወንበራቸውን ስበው መጡና ራዲያተሩን በመዳፋቸው ዳበሱት። በስንዝራቸው ለኩ፤ በስንዝር የማይሞላውን በጣት ለኩ።

«ከለቀምከው ውስጥ አምጣልኝ» አሉ። «ጠጠሩንም ጨምር።»

በሻይ ማስቀመጫ ሳህን አድርጌ ሰጠኋቸው። አንድ በአንድ በጣታቸው ጫፍ እያገላበጡ ለዩ። «ይቺ ፌንጣ ናት። ይሄ ጢንዚዛ። ይቺ ደግሞ ንብ፣ ምስኪን።» ከዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአልጋቸው ሥር ሳይፈታ የኖረውን የሽቦ ጥቅል እንዳወጣላቸው ጠየቁኝ።

አራት ቀን ሠሩ። በዓይናቸው ሳይሆን በጣታቸው፣ ሽቦውን በሽቦ ላይ እያሳለፉ። በነዚያ አራት ቀናት የቀረበላቸውን ምግብ ሁሉ በሉ። አንድ ጠዋት እንዲያውም ሲያንጎራጉሩ ሰማናቸው፤ ባለቤቴ ጭልፋ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች።

በአምስተኛው ቀን ሰጡኝ። ዙሪያውን በታጠፈ ቆርቆሮ የተከፈፈ፣ ማዕዘኖቹ ላይ አራት መንጠቆዎች ያሉት፣ ያለ ቁልፍ ተነቅሎ፣ ተራግፎ የሚመለስ ወንፊት ነው። ሥራው አፍ ያስከፍታል። ግን ዓይኑ! በዓይኑ ስንዴ ሰተት ብሎ ያልፋል። አይ እርጅና አልኩ በሆዴ።

«አባባ፣ ዓይኑ ትንሽ አልሰፋም?»

«ወንፊት ለሚያስቀረው ብቻ አይሠራም፤ ለሚያሳልፈውም ነው» አሉኝ። «ሁሉን ልከልክል ካልክ ነፋሱ በየት ይግባ?»

«እውነትዎን ነው» አልኩና አመስግኜ ወንፊቱን በሞተር ሳይክሏ የጎን ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ጓሮ ዞሬ ከተቀደደ አጎበር ላይ ቁራጭ ቆረጥኩ፣ ለሁለት አጠፍኩት፣ ራዲያተሩ ፊት ጥፍር አድርጌ አሰርኩት። ትንኝ እንኳ አያልፍም ብዬም ኮራሁ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለኔ ዓይነቱ ነው።

የዚያን ዕለት ከሥራ ስመለስ አማቼ በራፉ ላይ ነበሩ። አጠገባቸው አንዲት በርጩማ ተቀምጣለች፤ ባለቤቴ ረስታት የገባች መስሎኝ ቁጭ አልኩባት።

«እህስ፣ ምን ያዘ?» አሉኝ።

ምን ልበል? ሰውየው በስንት ጊዜያቸው ፊታቸው ፈክቷል። «ሁለት ፌንጣ፣ አንድ ጢንዚዛ» አልኩ። ውሸት ከጀመሩት አይቀር ብዬም ጨመርኩበት፦ «ትንኝ እንኳ አላመለጠውም፣ አባባ!»

ጆሯቸውን ወደኔ ዘንበል አደረጉ። «ትንኝም?»

«ትንኝም!»

«አይ ጎበዝ!» አሉና ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ሆነ። እኔ እመጣለሁ፤ በርጩማዋ ትጠብቀኛለች፤ «ምን ያዘ?» ይሉኛል፤ እኔ እፈጥራለሁ። አንድ ቀን ቢራቢሮ፣ አንድ ቀን ንብ፣ ትንኝማ በየቀኑ። እሳቸውም በተራቸው የገበያ ወሬያቸውን ያመጣሉ፤ ወንፊት ገዝታ ሄዳ፣ ዱቄቱ በጣም ላመብኝ ብላ ስለመለሰችው ሴትዮ ሲያወሩኝ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ሁለት ደቂቃ የነበረው ግማሽ ሰዓት ሆነ። «አባዬን ምን አስነካኸው?» አለችኝ ባለቤቴ በደስታ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ነገ ወንፊቱን እገጥማለሁ እላለሁ፤ ነገ ሲመጣ ደግሞ የኃላፊዋ ካርቶን ይታየኛል፣ አጎበሩን አጥብቄ እወጣለሁ።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ከረምን። በአራተኛው ሳምንት ማክሰኞ፣ የሠላሳ ሕፃናት ክትባት ጭኜ ትልቁን ዳገት ስጀምር፣ ከፊቴ ገለባ የጫኑ ሦስት መኪኖች ተደርድረው ይወጣሉ። አቧራው ሰማይ ነክቷል። ዳገቱ እኩሌታ ላይ የሙቀት መብራቷ ቀይ በራች።

ወዲያው አጠፋሁና ወረድኩ። አጎበሩ አጎበር አልነበረም። አቧራው፣ እብቁና የተጨፈለቀው ነፍሳት ተላቁጦ የግድግዳ ምርግ መስሏል፤ ነፋስ ቀርቶ ጸሎት አያሳልፍም። ውሃው ሊፈላ ትንሽ ሲቀረው ነበር የቆምኩት። ገንጥዬ ጣልኩት። ሞተሩ እስኪበርድ ስጠብቅ ሳጥኑን በጃኬቴ ከፀሐይ ከለልኩ፣ ቴርሞሜትሩን በየደቂቃው አየሁ። ከፊቴ የአንድ ሰዓት የአዝመራ ማሳ አለ፤ ራዲያተሩ ራቁቱን ከሄደ ግማሽ መንገድ አይደርስም።

ያለኝ ያ በጎን ቦርሳዬ የከረመው ወንፊት ብቻ ነበር። አውጥቼ አስጠጋሁት። አራቱም መንጠቆዎች ቦታቸውን ራሳቸው አገኙት፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። አንዴ በመዳፍ ዳብሰው የለኩት ነገር አንዲት ጣት አልጎደለም፣ አንዲት ጣት አልተረፈም። እኔ ዓይን ያለኝ ሰው አፈርኩ።

ያንን ሁሉ ማሳ አቋረጥኩ። መሀል ላይ አንዴ ቆሜ ነቅዬ አራገፍኩት። መብራቷ ተመልሳ አልበራችም። ጤና ጣቢያው ስደርስ እናቶቹ ጥላ ሥር ተሰልፈዋል፤ ነርሷ ሳጥኑን ከፍታ ቴርሞሜትሩን አየችና «ደህና ነው፣ በረዶውም አልቀለጠም» አለች። የመጀመሪያው ሕፃን ተወግቶ ሲያለቅስ እኔም እንባዬ መጣ። አቧራ ነው አልኳት።

ወደ ቤት ከመግባቴ በፊት ወንፊቱን ነቅዬ የያዘውን ሁሉ በመሐረቤ ቋጠርኩ። አማቼ እንደ ወትሮው በራፉ ላይ ናቸው፣ በርጩማዋም አጠገባቸው። አልተቀመጥኩም።

«ዛሬስ ምን ያዘ?»

መሐረቡን መዳፋቸው ላይ ፈታሁት። ጣቶቻቸው ቀስ እያሉ ለቀሙ። «ፌንጣ... ፌንጣ... ጢንዚዛ... ይሄ ጠጠር ራዲያተርህን ይበሳው ነበር።» እንደገና አገላበጡት። «ትንኝስ?»

«ትንኝ የለም፣ አባባ።»

«ኖሮም አያውቅ» አሉ። «የኔ ወንፊት ትንኝ አይዝም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ያውቁ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ቀን። አርባ ዓመት ሠርቼ የሚይዘውንና የሚያሳልፈውን አጣዋለሁ? ጠዋት ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ስወጣም ያንን ጨርቅህን እዳብሰዋለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ? ቢሰድቡኝ ምን ነበረበት!»

መሐረቡን መልሰው ቋጠሩት። «ብነግርህ ታፍራለህ» አሉ። «ስታፍር ደግሞ አትቀመጥም።»

እውነታቸውን ነው፣ አልቀመጥም ነበር። ዓይኔን የማሳርፍበት ሳጣ በርጩማዋን አየሁና ወደ ውስጥ፣ ወደ ባለቤቴ ዞር ብዬ፣ «አንቺ ግን በየቀኑ ይህቺን በርጩማ ማውጣትሽ...» አልኩ።

«እኔ?» አለች ከወጥ ቤት። «አንድ ቀን አውጥቼ አላውቅም። አባዬ ነው፤ የሞተር ሳይክልህን ድምፅ ሲሰማ ግድግዳውን እየዳበሰ ያወጣታል።»

ወደሳቸው ዞርኩ። እሳቸው ግን በርጩማዋን በእግራቸው ወደኔ ገፋ አደረጓት።

«በል እስቲ» አሉ፣ «መንገዱ እንዴት ነበር? አሁን እውነቱን ነው የምትነግረኝ።»

ተቀመጥኩና ከአጎበሩ ጀመርኩ።