ሦስት መቶ ዓረፍተ ነገር

ነገ ጠዋት ጉሮሮውን በቀዶ ሕክምና የሚያጣ ሰው፣ ዛሬ በማን ድምፅ ይናገራል? ጃኒን መልሱን አላወቀችውም። አባቷ ሌን ግን ወጥ ቤት ውስጥ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ፣ አንገቱን አቅንቶ እያነበበ ነው። ሦስት መቶ ዓረፍተ ነገር መቅዳት አለበት። ከነገ ጀምሮ ማሽን በእሱ ድምፅ ይናገርለታል።

"ዛሬ አየሩ መልካም ነው" አለ ሌን።

አርባ ዓመት በምሥራቅ ለንደን ገበያ ቲማቲምና ሙዝ እየጮኸ የሸጠው ሰው፣ ዜና አንባቢ መሰለ። ዕድሜውን ሙሉ ሲውጣቸው የኖራቸውን ፊደላት አንድ በአንድ እያወጣ ነበር። ለባንክና ለማዘጋጃ ቤት ሲደውል የሚናገረው እንዲህ ነው።

ጃኒን ቀረጻውን አቆመች። "አባዬ፣ ይሄ አንተን አይመስልም። ገበያ ላይ እንደምታወራው በለው።"

"አሁን ደግሞ በሰፈራችን አነጋገር፣ በኮክኒ አውራ በይኛ! ምንድን ነኝ፣ ቱሪስት የሚስቅበት ጦጣ?"

"የራስህን ድምፅ ነው የምልህ።"

"የኔ ማር፣ ይሄን የጨዋ አነጋገር ለማን ብዬ የተማርኩት ይመስልሻል?" ሳል አቋረጠው። መሐረቡ ላይ ደም ታየ፤ ቶሎ አጥፎ ኪሱ ከተተው። "ትምህርት ቤትሽ የመጣሁ ቀን 'ጓደኞቼ ፊት እንዳታወራ' አልሽኝ። አላወራሁም። ሳንድዊቼን በልቼ ተመለስኩ።"

"አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር እኮ።"

"አልተቀየምኩሽም። ግን ከእንግዲህ የሚያወራልኝ ነገር የማታፍሪበት ይሁን።"

ጃኒን በአሥራ ስምንት ዓመቷ ሄዳ፣ ሩቅ አገር ተምራ ከተመለሰች ገና ስድስት ወሯ ነው። ሆስፒታሉ ቀረጻውን የሚቀበለው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። የመቅጃውን ቁልፍ ተጫነች።

"ቀጥል አባዬ። መቶ አርባ ሦስተኛው ላይ ነን።"

በማግስቱ ሌን ከቀዶ ሕክምናው ክፍል በሕይወት አልወጣም። "ልቡ አልቻለም" አለቻት ሐኪሟ። ኮቱንና ጫማውን በላስቲክ ከረጢት አድርገው ሰጧት።

አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ሁለት አውቶቡስ አሳለፈች። ከዚያ ስልኳን አወጣች፤ በአሥራ ስምንት ዓመቷ በተወችው የሰፈሯ አነጋገር፣ ሰው እየሰማት፣ ጮክ ብላ የድምፅ መልእክት ቀዳች።

"አባዬ፣ እኔ ነኝ። በል እንጂ፣ አንድ ነገር በለኝ።"

ወደ አባቷ ስልክ ላከችው። ከረጢቱ ውስጥ፣ ኮቱ ኪስ ውስጥ፣ ስልኩ አንዴ ነዘረ። ከዚያ ዝም አለ።