ኬኩ ላይ የተሰመረው መስመር

አለቃዬን በሌሉበት «ጋሽ ሜዳ» እንላቸዋለን። ከዝናብ ደመና እጅግ በላይ፣ ጠፈር ደጃፍ ላይ የሚንሳፈፍ ስስ የበረዶ ደመና አለ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ እሱን ሲለኩ ኖረው በግራፍ የሚያወጡት መስመር ሁልጊዜ እንደ ሜዳ ለጥ ያለ ነው። «አልተለወጠም» ይላሉ። በዚህች ቃል ከስንቱ ጋር ተጣልተዋል!

ጡረታ በሚወጡበት ዕለት ባለቤታቸውና የሥራ ባልደረቦቻችን አዳራሹ ውስጥ ኬክ ይዘው ይጠብቁ ነበር። እኔ ግን ኮምፒውተሬ ፊት ተቸንክሬ ቀርቻለሁ። ስህተት አግኝቻለሁ፤ ያውም የእሳቸውን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳተላይታችን ሥራ ሲጀምር በዚያ ሰማይ የሚያልፈው ማለዳ ነበር። ዓመት በዓመት ትንሽ ትንሽ እየተንሸራተተ አሁን የሚያልፈው ከሰዓት በኋላ ነው። ደመናው ደግሞ ጠዋት ይወፍራል፣ ከሰዓት ይሳሳል። ሰውን አምና ምሳ አብልቶ፣ ዘንድሮ በባዶ ሆዱ መዝኖ «አልወፈረም» እንደማለት ነው! ሰዓቱን ሳስተካክለው መስመሩ ሽቅብ ወጣ። ደመናው እየበዛ፣ እየደመቀ ነው!

ደስታው ሊያሳብደኝ ደረሰ። ግን በመሰናበቻቸው ቀን «የዕድሜ ልክ ሥራዎ ስህተት ነው» ተብሎ እንዴት ይነገራል?

ክራባታቸውን እያስተካከሉ ብቅ አሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ኬኩ ሊቀልጥ ነው እኮ!»

«ጋሼ... አይቆጡኝ።»

«ደግሞ ምን ሰበርሽ?»

«መስመርዎን።»

አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አጠለቁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ድንገት ጠረጴዛውን በጥፊ አሉት።

«ተሳስቻለሁ! ሰማሽ? ተሳስቻለሁ!»

«ኧረ ጋሼ፣ ይረጋጉ...»

«የምን መረጋጋት! ከታች የምንለቀው ጋዝ እዚያ ድረስ ወጥቶ ደመናውን ሳያበዛው አልቀረም! ሰማዩ ሲለወጥ ኖሯል፣ እኔ ሜዳዬ ላይ ተኝቼ! ደግሞ ጋሽ ሜዳ ስትሉኝ የማልሰማ መሰለሽ?»

ፊቴ በርበሬ መሰለ። እሳቸው ግን እጄን ይዘው በኮሪደሩ እየጎተቱኝ ይሮጣሉ፤ እኔም እየሳቅሁ ተከተልኳቸው።

አዳራሹ አጨበጨበ። ባለቤታቸው ኬኩን ገለጡት፤ ነጩ ክሬም ላይ በቸኮሌት የተሰመረ ለጥ ያለ መስመር ነበረ።

«በል ቁረሰው» አሉና ቢላውን አቀበሏቸው።

አልቆረሱትም። በቢላው ጎን ቸኮሌቱን ጠረጉና ከታች ከግራው ጥግ ጀምረው ሽቅብ የሚወጣ አዲስ መስመር ማስመር ያዙ። ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ያያል፤ እሳቸው እንደ ሕፃን ይስቃሉ። መስመሩ የኬኩ ጠርዝ ላይ ሲደርስ እጃቸው ቆመ። ሳቃቸውም አብሮ ቆመ።

«ከዚህ ወዲያ የት እንደሚደርስ እንጃ» አሉ ቀስ ብለው። ቢላውን ለእኔ ሰጡኝ። «አንቺ ተከታተይው፣ ልጄ።»