ፊቷ የተለጠፈበት አውቶብስ

ባልደረቦቿ ከቁመቷ የተነሳ «ምሰሶ» ይሏታል። በድርጅቱ የመጀመሪያዋ ሴት አውቶብስ ሹፌር እሷ ናት፤ ጠባብ መታጠፊያ ላይ ያን ሁሉ ብረት እንደ ብስክሌት ስታዞረው ያየ ተሳፋሪ ያጨበጭብላታል።

አንድ ጠዋት ቁልፍ ልትወስድ ስምሪት ክፍል ስትገባ ኃላፊው በሩን ዘጋና ወገቧን ያዛት። ገፍትራው ወጣች። አውቶብሷ ውስጥ በሩን ዘግታ ስለቆየች አርፍዳ ተነሳች፤ በማርፈዷም እሱ ራሱ ቀጣት።

በዚያው ቀን ለሰው ሀብት ኃላፊዋ ነገረቻት። ኃላፊዋ ከልብ ያዘነች መሰለች። ውሃ ቀድታ ሰጠቻት፣ ጉዳዩ ይጣራል አለቻት፣ እስከዚያው ለማንም እንዳታወራ አደራ አለቻት። ምሰሶም ለባሏ እንኳ ሳትተነፍስ ቆየች።

መልስ ስትጠብቅ ፎቶ አንሺ መጣባት። ድርጅቱ ሴቶችን እንዴት እንደሚያከብር የሚያሳይ ማስታወቂያ ሊሠራ ነው፤ የሚታየውም የእሷ ፊት ነው ተባለች። እምቢ ብትል ክሱ የቂም ነው እንዳይሉባት ፈራች። ደግሞም በአደባባይ አክብረውኝ በጓዳ አይጥሉኝም ብላ ተስፋ አደረገች። ሳቅ በይ ሲሏት ሳቀች።

ፎቶዋ የአውቶብሱን ጎን ሞልቶ ተለጠፈ፤ ከሥሩ «እኛ ዘንድ ሴት ትከበራለች» ይላል። ልብስ ሰፊው ባሏ ሱቁን ዘግቶ ሊያየው ወጣ። ሚስቴን ለማየት ቲኬት ልቆርጥ ነው እያለ ለደንበኞቹ ሁሉ ቀለደ። እሷ ደስታውን እንዳታበላሽበት አብራው ሳቀች።

ብዙም ሳይቆይ የሰው ሀብት ኃላፊዋ አስጠራቻት። ምስክር ስለሌለ ክሱ ተዘግቷል፤ ለራሷ ደኅንነት ሲባል ግን ተጠባባቂ ሹፌር ሆናለች።

«እሱስ?» አለች ምሰሶ።

«እሱ ብዙ ሴት ያስቀጠረ ሰው ነው። አሁን ስሙ ቢነሳ ዘመቻው ይበላሻል። ትንሽ ታገሺን፣ እህቴ።»

ምሰሶ ወጣች። ደረጃው ላይ አውቶብሷ ላይ ቲኬት የምትቆርጠው ልጅ ስትጠብቃት አገኘቻት። ልጅቷ ዓይኗን ከመሬት ሳትነቅል፣ ሰውዬው እሷንም እዚያው ክፍል እንደያዛት ነገረቻት።

«ቀድሜ ልነግርሽ ነበር። ፎቶሽን ሳይ የእነሱ ወገን መሰልሽኝ። ዛሬ ስምሽን ከተጠባባቂዎቹ ጋር ሳየው ነው የገባኝ።»

ይህ ምሰሶን ከሰውየው እጅ በላይ አመማት።

ማታ ለባሏ ሁሉንም ዘረገፈችለት። መቀሱን አስቀመጠ።

«እኔ ደግሞ ስቀልድ ነበር» አለ።

በነጋታው ሁለቱ ሴቶች ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። የስምሪት ኃላፊው በፖሊስ ሲጠራ ድርጅቱ ከሥራ አገደው። ፎቶውን ደግሞ ፍቆ አነሳና ለምሰሶ፣ የድርጅቱን ስም አጥፍተሻል ብሎ ማስጠንቀቂያ ሰጣት።

ጉዳዩ አሁን ፍርድ ቤት ነው። ምሰሶ የምትነዳው ሌላ ሹፌር ሲቀር ብቻ ነው። አንዳንድ ባልደረቦቿ ሰላምታ ነስተዋታል። ምሳ ሰዓት ላይ ቲኬት ቆራጯ አጠገቧ ትቀመጣለች። ሰሞኑን ከጽዳት ክፍል አንዲት ሴት ወንበር ስባ መጥታ አብራቸው በላች።