የማይረገጠው አራት

ጎማ ነው አለቻት፣ ጎማ መሆኑማ ይታያል፣ ጎማ ስለሆነ አይደል ወለተጻድቅ ስድስት ሱቅ ዞራ መርጣ የገዛችው፣ ሻጩ ፊት ሴራሚኩ ላይ አስቀምጣ እየገፋች እየጎተተች፣ ንቅንቅ አልል ሲላት ደስ ብሏት፣ ሆስፒታል የልብስ እጥበት ክፍል ውስጥ ሠላሳ ዓመት እርጥብ ወለል ላይ የቆመች ሴት ስለ ጫማ የምታውቀው አንድ ነገር ቢኖር ጥሩ ጫማ ማለት የማያንሸራትት ጫማ መሆኑን ነው፣ እና ይቺ ሶፊ የምትባል የዳንስ አስተማሪ፣ የልጅ ልጇ ልትሆን የምትችል፣ ጫማውን ገልብጣ ሥሩን በአውራ ጣቷ ዳበስ አድርጋ፣ እማማ ጫማውስ አሪፍ ነው፣ ግን ጎማ ነው፣ ጎማ ወለሉን ይይዛል፣ ያደረገችው ልጅ ስትዞር እግሯ እዚያው ይቀርና ጉልበቷ ብቻ ይዞራል፣ ትላታለች።

ጉልበቷ ብቻ። ጉድ ፈላ። ስጦታ ብላ ጉልበት ልትሰብር ነበር።

ቆዳ ነው የሚሆነው አለች፣ ለስላሳው፣ የውስጥ ፊቱ ወደ ውጭ ተገልብጦ የተለጠፈ፣ እሺ፣ ቆዳ፣ ወለተጻድቅ ጫማውን ወደ ፌስታሉ ትመልሳለች፣ ፌስታሉን ከነጠላዋ ሥር፣ ግድግዳው ጥግ ከተደረደሩት የፕላስቲክ ወንበሮች አንዱ ላይ ትቀመጣለች፣ ደረጃው ትንፋሿን ጨርሶታል፣ ቤቴል፣ ካፌ ካለበት ፎቅ ሦስተኛው ላይ፣ ቅዳሜ አሥር ሰዓት፣ በስልሳ አራት ዓመቷ የዳንስ አዳራሽ ስትረግጥ ይኸ የመጀመሪያዋ ነው፣ የደብሯ ሰው እንዳያያት ካፌው በር ላይ ወዲያ ወዲህ ስትል ኮንትሮባንድ የያዘች ነበር የምትመስለው፣ ምን ልታደርጊ መጣሽ ቢሏት ምን ትላለች፣ የሟች ልጄ ሚስት የምትደንስበትን ጫማ ላሳይ፣ እንዲህ ይባላል?

ነገ የዳዊ ሙት ዓመት ነው። አንድ ልጇ። ሦስት ቀን ብቻ ታሞ፣ በሠላሳ ስምንት ዓመቱ። ነገ ተዝካሩ ተበልቶ እንግዳው ሲሄድ ሚስቱ ፅዮን ከል ታወልቃለች፣ የምታወልቅላት ደግሞ እሷ ናት፣ የባል እናት፣ በነሱ ቤት ወጉ እንዲህ ነው፣ ከሉን ያወለቀ እጅ አዲሱን ያለብሳል፣ ቀሚሱ ተገዝቷል፣ ነጭ፣ ጥለቱ አረንጓዴ፣ ደርበብ ያለ፣ ማንም ምንም አይልም፣ እዚያ ላይ ማቆም ትችል ነበር፣ ማን ጫማ ጠየቃት።

እግሯ ነዋ። የፅዮን እግር።

ባለፈው ወር ፅዮን ሳህን ታጥባለች፣ ጎረቤት ሬዲዮ ከፍቷል፣ ወለተጻድቅ በሩ ላይ ቆማ የሆነ ነገር ልትል አፏን ስትከፍት ታያለች፣ ጥቁሩ ቀሚስ ሥር እግር ይሄዳል፣ ወደ ፊት፣ ቆም፣ ወደ ኋላ፣ ቆም፣ እጇ ሳህኑ ላይ ነው፣ ፊቷ ያው የሐዘን ፊት ነው፣ እግሯ ብቻ፣ መርዶውን ያልሰማ እግር፣ ዞር ብላ አማቷን ስታይ ቀጥ አለ፣ ይቅርታ እማዬ አለች፣ ይቅርታ? ምን አድርጋ? ሳህን ስላጠበች ይቅርታ የጠየቀ ሰው አለ? ያን ይቅርታ ወለተጻድቅ ተሸክማው ዞረች፣ ታክሲ ውስጥ፣ ገበያ፣ ቅዳሴ ላይ ሳይቀር፣ እና አንድ ቀን ፅዮን ሥራ እንደሄደች የቤት ጫማዋን አንሥታ በክር ለካች።

ገነት ግን፣ እኅቷ ገነት ይኼን ስትሰማ መቀመጫ አሳጣቻት፣ ጫማ? ከባሏ እናት እጅ? ሂጂልኝ ማለትሽ እኮ ነው፣ ልጅቷ ገና ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ሰበብ ነው የምትሰጫት፣ እዚያ አዳራሽ አንዱ እጇን ይይዛታል፣ ከዚያ በኋላ ማን ከአሮጊት ጋር ዘነበወርቅ ሰፈር ይቀመጣል፣ ገነት ክፉ አይደለችም፣ ክፋቷ እውነት መናገሯ ነው፣ ምክንያቱም ወለተጻድቅ የምትፈራው ፅዮን ስጦታውን አጣማ እንዳትረዳው አይደለም፣ በትክክል እንዳትረዳው ነው። አመሻሽ ላይ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ቁልፍ በሩ ውስጥ ይዞራል፣ እማዬ መጣሁ ትላለች ፅዮን፣ በቀን አንዴ፣ ከዳዊ የተረፋት ያ ድምፅ ነው፣ ያ ቁልፍ ካልዞረ ቤቱ ግድግዳ ብቻ ነው።

ሂጂ ተነሺ፣ መልስሽን አግኝተሻል፣ አንቺ ሴትዮ ምን ትጠብቂያለሽ።

አትነሣም። ሙዚቃው ይጀምራል፣ ቃሉ የባዕድ ነው፣ ከበሮው ግን የማንም አይደለም፣ ወጣቶቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቆማሉ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ሲመጣ ዳዊና ፅዮን ለባብሰው እዚህ ሲመጡ ትነዘንዛቸው ነበር፣ እንዴት ሰው ከሰው ሚስት ጋር ደረት ለደረት ይቆማል፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር የላችሁም ወይ፣ እሱ ይስቃል፣ እማዬ ደረት ለደረት አይደለም፣ እጅ ለእጅ ነው፣ ነይና እዪ፣ ነይ፣ የማያውቁት አገር አይናፍቅም፣ አልሄደችም፣ ስድስት ዓመት ነይ አላት፣ ዛሬ መጣች፣ እሱ የለም። ይኸ ያንገበግባታል። ያንገብግብ፣ የሷው ነው።

አሁን ታያለች። አንድ ረጅም ልጅ ፊቱ ያለችውን ልጅ አይጎትታትም፣ አይገፋትም፣ ጣቱን ከፍ ያደርጋል፣ አንድ ጣት፣ እና ትዞራለች፣ ሙሉ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ማን ነገራት፣ አፉ አልተከፈተም፣ የሷ ዓይን እንኳ ተጨፍኗል፣ ክንዱ እስኪያልቅ ይለቃታል፣ ትሄዳለች፣ የጣቱ ጫፍ ላይ ደርሳ አሁንስ ሄዳ ቀረች ስትል ትመለሳለች፣ ወለተጻድቅ የወንበሩን ጠርዝ ይዛለች፣ ጌታ ሆይ፣ ይኼን ነገር አውቀዋለሁ፣ ከየት ነው የማውቀው፣ አንሶላ! አንሶላ ነው፣ ከባልደረባዬ ከጽጌማርያም ጋር አንሶላ ስንጨምቅ፣ እሷ አንዱን ጫፍ እኔ ሌላውን፣ እሷ ወደ ቀኝ እኔ ወደ ግራ፣ ቃል አንለዋወጥም፣ ምን ልታደርግ እንደሆነ ጨርቁ ይነግረኛል፣ ካላላሽው ውሃው አይወጣም፣ ካከረርሽው ይቀደዳል፣ መሃሉን ነው፣ መሃሉን የሚያውቅ እጅ ነው የሚፈለገው፣ ሠላሳ ዓመት ስትደንስ ኖራለች ለካ፣ ያውም ደመወዝ እየተከፈላት።

እግራቸውን ታያለች። ይንሸራተታሉ፣ ሁሉም ይንሸራተታሉ። አንድም የሚወድቅ የለም።

ሶፊ መሃል ገብታ እያጨበጨበች ትቆጥራለች፣ አንድ ሁለት ሦስት፣ አምስት ስድስት ሰባት፣ እንደገና፣ አንድ ሁለት ሦስት፣ አምስት፣ ወለተጻድቅ ስትቆጥር ያደገች ሰው ናት፣ አንሶላ፣ ትራስ ልብስ፣ የሐኪም ጋውን፣ ቁጥር አይጠፋባትም፣ ሶፊ ባጠገቧ ስታልፍ ክንዷን ያዝ ታደርጋታለች፣ ልጄ፣ አራት የት ሄደ? ሶፊ ትስቃለች፣ ከዚያ ሳቋን ትተዋለች፣ አራት አለ እማማ፣ አንረግጠውም እንጂ አለ፣ ካልጠበቅነው ዳንሱ ይበላሻል፣ ብላት ትሄዳለች።

አለ። አይረገጥም እንጂ አለ።

ከዚያ ክብ ይሠራሉ፣ የአንዲት ልጅ ልደት ነው አሏት፣ ልጅቷን መሃል ያስገቧታል፣ አንዱ እጇን ይዞ ያስደንሳታል፣ ገና ሳይጠግባት ሌላው ከክቡ ወጥቶ እጁን ይዘረጋል፣ የመጀመሪያው ያቀብለዋል፣ ሙዚቃው አይቆምም፣ እሷም አትቆምም፣ ከዚያ ሴት ትገባለች፣ ከዚያ ሽበታም ሰውዬ፣ ከእጅ ወደ እጅ፣ ማንም አያስቀራትም፣ ማንም አይጥላትም፣ ሌሎቹ ያጨበጭባሉ፣ የወለተጻድቅ ክንድ ላይ ፀጉሯ ይቆማል፣ ይኼንንም ታውቀዋለች፣ ይኸ ለቅሶ ነው! የዳዊ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ፅዮን መሬት ልትወድቅ ስትል አንዱ ያቅፋታል፣ እሱ ሳይለቃት ሌላው ይቀበላል፣ እሷ ሳትለቃት ሌላዋ፣ ሰባት ቀን ሙሉ፣ እነማን ነበሩ ያ ሁሉ ልጅ፣ ስማቸውን የማታውቀው፣ የዳዊ የመሥሪያ ቤት ልጆች ናቸው ብላ ያለፈቻቸው፣ ትክ ብላ ታያለች፣ ያ ረጅሙ፣ ያ ሽበታሙ ሰውዬ፣ ሶፊ ከጎኗ መጥታ ተቀምጣለች፣ ዓይኗን ተከትላ አይታለች መሰል፣ እማማ፣ እኔም እኮ ድንኳኑ ውስጥ ነበርኩ፣ ሁላችንም ነበርን፣ ትላለች ቀስ ብላ።

ወለተጻድቅ በስልሳ አራት ዓመቷ ይኼን ያህል የተሳሳተችበት ነገር ትዝ አይላትም፣ ደግሞ ስህተት ይኼን ያህል ደስ ሲል አይታ አታውቅም። ዘፈኑ እስኪያልቅ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ትቀመጣለች።

አየር ጤና ታክሲ ተራው አጠገብ ጫማ ሰፊው ወዬሳ ዕቃውን ሲሰበስብ ትደርስበታለች፣ ጎማውን ንቀለው፣ ለስላሳ ቆዳ ለጥፍበት፣ የውስጥ ፊቱን ወደ ውጭ፣ ዛሬውኑ፣ ወዬሳ ጫማውን ያያል፣ እሷን ያያል፣ አዴ፣ ይኸ አዲስ ነው፣ ሰው ያለቀ ቆዳ አስነቅሎ ጎማ ያስደርጋል፣ እርስዎ ጤነኛ ጎማ አስነቅለው ቆዳ ይላሉ፣ ይንሸራተታል እኮ፣ ሰው ይወድቃል። ይንሸራተት፣ ትላለች፣ ከአፏ የሚወጣውን ራሷ እየሰማች፣ ይንሸራተት፣ ልጅቷ ታውቅበታለች። ወዬሳ ራሱን እየነቀነቀ ቢላዋውን ያነሣል፣ ጎማው ጠርዝ ጠርዙን ሲላቀቅ ከሷም አንድ ነገር አብሮ ይላቀቃል፣ ያማል፣ ግን ዞር አትልም፣ እስኪያልቅ ቆማ ታየዋለች።

እሑድ ከሰዓት። ተዝካሩ አልቋል፣ ገነት መጨረሻ ወጥታለች፣ በሩ ላይ ጆሮዋ ሥር፣ ጫማውን ተዪው ብላ። መኝታ ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ናቸው፣ ወለተጻድቅ ጥቁሩን ነጠላ ታነሣለች፣ ጥቁሩን ሻሽ፣ የቀሚሱን ቁልፍ ከላይ ወደ ታች፣ ፅዮን እንደ ሕፃን ክንዷን ወደ ላይ ትይዝላታለች፣ ነጩ ቀሚስ ይወርድባታል፣ ሲያምርባት፣ ዳዊ፣ ሲያምርባት ብታይ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ ትላታለች፣ ትስማታለች፣ እዚህ ላይ ያበቃል፣ ወጉ እዚህ ላይ አበቃ፣ ፌስታሉ አልጋው ሥር ነው፣ ብትተወው ማንም አያውቅም፣ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ቁልፍ፣ እማዬ መጣሁ፣

ጎንበስ ብላ ታወጣዋለች።

ፅዮን ጫማውን ትገለብጠዋለች፣ ልክ እንደ ሶፊ፣ በአውራ ጣቷ ሥሩን ትዳብሳለች፣ ቆዳ ነው ትላለች፣ ቆዳ ነው፣ ማን ነገረዎት? ሄጄ አየሁ። እርስዎ? አዳራሹ ድረስ? ፅዮን አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ትላለች፣ ጫማውን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ቀና ሳትል፣

ሂጂ ማለትዎ ነው፣ እማዬ?

ይኸው መጣ፣ የገነት ቃል፣ የለም ማለት ይቻላል፣ ቀላል ነው፣ የለም ልጄ ለቤት የሚሆንሽ ነው፣ ያ ረጅም ልጅ ጣቱን ከፍ ሲያደርግ ጨብጦ ቢሆን ኖሮ ማን ይዞር ነበር፣ ማን ይመለስ ነበር፣ ሂጂ ማለቴ ነው፣ ትላለች፣ ሄደሽ ተመለሺ። ባትመለሺም ሂጂ።

ፅዮን ታለቅሳለች፣ ዓመቱን ሙሉ ካለቀሰችው የተለየ ነው፣ ድምፅ አለው፣ እያለቀሰች ጫማውን ታጠልቃለች፣ በክር የተለካ ልክክ ይላል፣ ትነሣለች፣ ወደ ሳሎን ወጥታ መሃሉ ላይ ትቆማለች፣ እግሯ ግን አይንቀሳቀስም፣ ሥሩ ለስላሳ ነው፣ ወለሉም ተወልውሏል፣ እሷ ግን ተተክላለች፣ ረስቼዋለሁ እማዬ ትላለች፣ አልረሳችውም፣ ሳህን ስታጥብ ያየ ያውቃል፣ ብቻዋን ሆና ነው፣ አዳራሹ ውስጥ ብቻውን የጀመረ አልነበረም፣ ሁሉም እጅ ተዘርግቶለት ነው የተነሣው።

ወለተጻድቅ እጇን ትዘረጋለች።

እማዬ፣ ይችላሉ እንዴ? አልችልም፣ አንሶላ ግን ጨምቄያለሁ። ፅዮን ከእንባዋ ውስጥ ትስቃለች፣ እጇን ትሰጣታለች፣ ማክረር የለም፣ ማላላት የለም፣ መሃሉን፣ እና የፅዮን ጣቶች ይናገራሉ፣ ጌታ ሆይ በእውነት ይናገራሉ፣ ወደ ፊት፣ ይላሉ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ወለተጻድቅ ችኩል ናት፣ እግሯን ደግማ ልታነሣ ስትል ጣቶቹ ያዝ ያደርጓታል፣ ቆይ፣ እና ትቆያለች፣ በዚህች በማትረገጥ ቦታ ላይ ዳዊ ነይ ሲላት ትሰማዋለች፣ ነይና እዪ፣ መጣሁ ልጄ፣ ይኸው መጣሁ፣ አምስት፣