ምስማር ያልነካው ግድግዳ

አከራይ በሁለት ነገር ይታወቃል፤ ኪራይ የሚጨምርበትን ቀን አይረሳም፣ የመዶሻ ድምፅ ደግሞ ከሞት እንቅልፍ ይቀሰቅሰዋል። ምግብ አብሳይዋ ይህን ያወቀችው ገና አዲስ ሙሽራ ሳለች ነው። የመጀመሪያዋ አከራይዋ ደርበብ ያሉ ጨዋ ሴትዮ ነበሩ። ቁልፉን ሲሰጧት «ልጄ፣ እንደ ቤትሽ ቁጠሪው» አሏት። እሷም ሞኝ፣ እንደ ቤቷ ቆጠረችው። ብዙም ሳትቆይ አንዲት ምስማር መታችና መጥበሻዋን ሰቀለች። ሴትዮዋ ነጠላ ጫማቸው እግራቸው ላይ እየተንጓጓ ከጓሮ መጡ። መጥበሻውን አወረዱ፣ ምስማሩን ነቀሉ፣ የረገፈውን ልስን በጣታቸው እየዳሰሱ «ይሄ ግድግዳ የአባትሽ ነው?» አሏት። የአባቷ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ በየኪራይ ቤቱ ድስቶቿ አልጋ ስር ኖሩ። ትልቁ ከታች፣ ትንሹ ከላይ፣ ክዳኖቹ በጎን። የምትፈልገው ድስት ሁልጊዜ ከታች ያለው ነው፤ ዕድል ሲባል እንዲህ ነው። ለአንዲት ሾርባ ብላ ትንበረከክና ሁሉንም አንድ በአንድ ታወጣለች። ባሏ ከአልጋው ላይ እግሩን ሰብሰብ እያደረገ «ደግሞ ጦርነቱ ተጀመረ» ይላል። ሲቀልድ ነው፤ ያኔ ቀልዱ ያስቃት ነበር።

የሚያበግናት ሌላ ነው። በምትሠራበት ፋብሪካ በሠራተኞቹ ምግብ ቤት የምታዝዘው እሷ ናት። እዚያ ድስቶቹ ሁሉ ከምድጃው አጠገብ በረጅም የብረት ዘንግ ላይ ተሰቅለዋል፤ ከባዱ ዝቅ፣ ቀላሉ ከፍ ብሎ፣ እጀታቸው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ዞሮ። ዞር ሳትል እጇን ብትዘረጋ የፈለገችውን ታነሣለች። አዲስ ሠራተኛ አንዱን ድስት ቦታው ሳይመልስ ከቀረ ቀኑን ሙሉ ትነጫነጭበታለች። አመሻሽ ላይ ቤቷ ስትገባ ግን ያቺው የወጥ ቤት ንግሥት አልጋ ስር ትገባለች። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይሉ የለ፣ የፋብሪካው ዘንግም ለእሷ እንደዚያው ነበር።

እንግዲህ ሌላዋ ሴት ወርቅ ስትመኝ እሷ ግድግዳ ተመኘች። ምስማር ስትመታበት «የአባትሽ ነው?» የሚላት የሌለበት አንድ ግድግዳ፤ ሌላ ምንም አልጠየቀች።

ባሏ ሾፌር ነው። ዕድሜውን የመሥሪያ ቤት መኪና ሲነዳ ኖሯል። ቤቱንም ያገኙት በመሥሪያ ቤቱ የቤት ማኅበር በኩል ነው። የእሱ ደሞዝ ቤቱን ሠራ፣ የእሷ ደሞዝ ሁለቱን አበላ፣ ልጃቸውንም ዳረ። ቤቱ የተመዘገበው በአባሉ ስም፣ ማለትም በእሱ ስም ብቻ ነው። ለዚህ ግድ አልሰጣትም። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል እየተባለች ያደገች ሴት፣ ስሙ የማን እንደሆነ ለምን ትጠይቃለች?

የገቡ ለት አልጋው ሳይገጠም ድስቶቹን የያዘውን ካርቶን ተሸክማ ወጥ ቤት ገባች። ከምድጃው በስተግራ ያለውን ግድግዳ በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

«እዚህ ነው» አለች።

«እዚያማ ቧንቧ ያልፋል» አለ ባሏ። «ብትበሺው ቤቱን ኩሬ ታደርጊዋለሽ።»

«እሺ፣ ከመስኮቱ ጎንስ?»

«የመብራት መስመር አለ። ድስት እሰቅላለሁ ብለሽ ራስሽ ደርቀሽ እንዳትቀሪ።»

«ከዕቃ ማጠቢያው በላይስ?»

«ልስኑ መቼ ደረቀና!»

«ጣራው ላይ ልስቀለው እንግዲህ?»

ሳቀ። «ምን አስቸኮለሽ የኔ እመቤት? ቤቱ እንደሆነ እግር የለው፣ የት ይሄዳል?»

ሌላ ቀን ደግሞ ክርክሩ የት ይሰቀል መሆኑ ቀረና ለምን ይሰቀላል ሆነ። ድስት ውጭ ከዋለ ቅባትና አቧራ ይጠጣል አላት። እንግዳ ሲመጣ ጥላሸት የጠጣ ቂጡን ያያል አላት። እሷም ቅዳሜዋን በሙሉ ጓሮ ተቀምጣ የድስቶቹን ቂጥ በአሸዋና በሽቦ ፈተገች። ጥፍሯ አለቀ፣ ድስቶቹ ግን ፊት የሚያሳዩ ሆኑ። ይዛ ብታሳየው «ጎበዝ!» ብሎ ወጣ። ማንጠልጠያና ብሎን ገዝታ መጣች፤ «ቁም ሳጥን እናሠራ የለ እንዴ» አላት። መቼ ስትለው «ሲሞላልን» አለ።

አልተቆጣችውም። ይልቅ አሳዘናት። ሰውየው ቤት ቢኖረውም ተከራይነቱ ከአጥንቱ አልወጣም ብላ አሰበች። እሷ ራሷ ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጥ ድምፅ እንዳይሰማ ትጠነቀቅ የለ? በሌሊት ልብሷ ደጅ ስትወጣ ማን አየኝ ትል የለ? ያ ሁሉ ዓመት «አትምቱ፣ አትንኩ» ሲባል የኖረ ሰው የራሱን ግድግዳ ለመብሳት እጁ ቢፈራ ምን ይደንቃል። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ተሰቅለው ያግኛቸውና ፍርሃቱ ይልቀቀው አለች። በባሏ የታለለችው እንዲህ አዝናለት ነው።

ግድግዳ መብሻ ድሪል ያለው የባሏ ጓደኛ ነው፤ ከእሱ ጋር በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ራሰ በራ መካኒክ። ባሏ ተረኛ በሆነበት ቀን ጠራችው። መካኒኩ እንደ ልማዱ እያፏጨ መጣ፤ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ፣ ጆሮውንም ለጠፈበት።

«ቧንቧ እንዳለ ብቻ ተጠንቀቅ» አለችው።

«የምን ቧንቧ? ማነው እንዲህ ያለሽ?» አለ። «ቧንቧው ሲቀበር እዚሁ ቆሜ ሻይ ስጠጣ ነበር። ያለው በወዲያኛው ወገን ነው። ይሄማ ስንት ቁልል ድስት የሚሸከም ግድግዳ ነው!»

ደስ አላት። ቦታዎቹን በእርሳስ ምልክት አደረገችለት፤ ለትልቁ ድስት ዝቅ ያለ፣ ለመጥበሻው ከፍ ያለ። መካኒኩ ድሪሉን ሰካና ወደ ግድግዳው ጠጋ አለ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ቆመ።

«ለነገሩ ሰዎቹ ተስማሙ ማለት ነው? ግድግዳው ምስማር ሳይነካው እንረከባለን ብለው ነበር እኮ።»

«የትኞቹ ሰዎች?»

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። መካኒኩን ሁለቱም አግኝተውታል። ድሪሉን አየ፣ በሩን አየ፣ ራሱን አሻሸ።

«እኔ እኮ የምታውቂ መስሎኝ ነው እህቴ» አለ። «ሚኒባሱ ጥሩ ነው፤ ሞተሩን ራሴ ነኝ ያየሁለት። አትሥጊ።»

የቀረውን ቃል በቃል ሳትጠይቀው ነገራት። ሰው ሲደነግጥ ዝም ማለት ያቅተዋል። ባሏ ቤቱን ሸጦ ሚኒባስ ሊገዛ ነው፤ ነገሩ ያለቀ ነው፤ ገዢዎቹ ወጥ ቤቱን በራሳቸው ንድፍ ሊያሠሩ ስለሆነ ግድግዳው እንዳይነካ አደራ ብለዋል። መካኒኩ ድሪሉን ጠረጴዛው ላይ ጥሎት ሄደ። እሷ ደግሞ እርሳሱን እንደያዘች ግድግዳው ሥር ተቀመጠች።

ባሏ ሲገባ መጀመሪያ ድሪሉን አየ፣ ቀጥሎ እሷን።

«ነገረሽ?»

«ነገረኝ።»

ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «መኪናውን ደጅ አቁሜ፣ ጥሩምባ ነፍቼ፣ እንድትደሰቺ ፈልጌ ነው የደበቅሁሽ።»

«መቼ ነው የቆረጥከው?»

ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አዟዟረ።

«መቼ ነው?»

«ከመግባታችን በፊት።»

«ታዲያ ለምን አስገባኸኝ?»

«ባዶ ቤት ዋጋ አያወጣም» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «መስኮቱ ይሰበራል፣ እርጥበት እርጥበት ይሸታል። ሰው ሲኖርበት፣ ምግብ ምግብ ሲሸት ገዢ ይወደዋል።»

«ለካ ዘበኛ አድርገህ ነው ያስገባኸኝ» አለች። «ዘበኛ እንኳ ደሞዝ አለው።»

በዚህ ጊዜ እሱም ቁጣው ተነሣበት። «እኔስ? ዕድሜ ልኬን የሰው መሪ ሳዞር አልኖርኩም? ሂድ ሲሉኝ እየሄድኩ፣ ቁም ሲሉኝ እየቆምኩ! አንዴ የራሴን ልያዝ ብል ምን አጠፋሁ?»

ሐሰት ቢሆን በወደደች። እውነቱን ነው። የሰው መሪ ማዞር ምን እንደሆነ የምታውቅ እሷ ናት፤ የሰው ግድግዳ ምን እንደሆነም የሚያውቅ እሱ ነው። አንጀቷን የቆረጠውም ይኸው ነው። ያላየ ሰው ቢያደርግባት አላወቀም ትል ነበር፤ እሱ ግን ከእሷ ጋር አብሮ አከራይ ሲያልፍ ከወንበር የተነሣ ሰው ነው።

ነገሩ ወደ ዘመድ ሄደ። ታላቅ እህቷ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠችና እጇን ያዘቻት። የምትደግፋት መስሏት ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ባልሽ አልሰከረ፣ ሌላ ሴት አልያዘ። ሥራ ልፍጠር ነው ያለው። ግድግዳ ይበላል እንዴ? መኪና ግን ያበላል።»

«እኔ ድስቴን ልሰቅል ነበር» አለች።

እህቷ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ሌላው ሁሉ እንዲሁ ሳቀ። ሰው ልጅ ሲሞትበት ይለቀስለታል፣ ቤቱ ሲቃጠል ይዋጣለታል። ድስት መስቀያ ላጣች ሴት ግን ምን ተብሎ ይለቀሳል? ኀዘኗ ስም ስለሌለው የሚያጽናናትም አላገኘች፤ እሷም ተወችው።

ገዢዎቹ ቤቱን ለመጨረሻ ጊዜ ሊያዩ መጡ፤ ወጣት ባልና ሚስት። ሚስትየዋ ፊቷ ክብ፣ ሰው አክባሪ ልጅ ናት። ልትጠላት ብትሞክር አልሆነላትም። ልጅቷ ወጥ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችና «እናቴ፣ ድስት መስቀል እፈልጋለሁ፤ እርስዎ ቢሆኑ የት ያደርጉታል?» አለቻት።

ሾፌሩ ፈጠነ። «እዚህ ነዋ! ከምድጃው ግራ። ቧንቧ የለው፣ መብራት የለው፣ ግድግዳው እንደ ድንጋይ...» ካለ በኋላ ዓይኑ ከሚስቱ ዓይን ጋር ተጋጨ።

እሷ ጨረሰችለት። «እውነቱን ነው፣ እዚህ ነው። ከባዱን ከወገብሽ በላይ አታድርጊው ልጄ፤ እጅሽ እርጥብ ሲሆን ያመልጥሻል። እጀታው ወደምትሠሪበት እጅ ይዙር። ክዳኖቹን ለብቻ ስቀያቸው፣ አለዚያ ሲንኳኩ ይውላሉ።» የምታውቀውን ሁሉ ነገረቻት። አሳስታ መንገር ትችል ነበር፤ ግን ሙያዋ አልፈቀደላትም።

«ታዲያ እርስዎ ለምን አልሰቀሉም?»

ሾፌሩን ሳል ጀመረው።

«ጊዜ አላገኘሁም» አለች ምግብ አብሳይዋ።

የሚለቁ ዕለት ባሏ አልጋውንና ሳጥኑን ጭኖ ከጫኞቹ ጋር ቀድሞ ሄደ። የድስቶቹን ካርቶን በኋላ አመጣዋለሁ ብላ አስቀረችው። ድሪሉ መካኒኩ በጣለበት አለ፤ አፍሮ ሊወስደውም አልመጣም። ገዢዎቹ ቁልፉን የሚረከቡት ከቀትር በኋላ ነው። እስከ ቀትር ቤቱ የእኔ ነው አለች ለራሷ፤ በወረቀት ባይሆንም ይሁን። በርጩማ ላይ ወጣችና ግድግዳውን በሳችው። አቧራው ፀጉሯ ላይ፣ ሽፋሽፍቷ ላይ ነጭ ሆኖ ወረደ። ድምፁ ሰፈሩን አናወጠው። ድሪሉን አጥፍታ ጆሮዋን ወደ በሩ ጣለች፤ ከልማድ ነው። የሚመጣ የለም። ነጠላ ጫማ የሚጎትት፣ «የአባትሽ ነው?» የሚል ማንም የለም። ቀጥላ ሌላ በሳች።

ማንጠልጠያዎቹን አጠበቀች። ትልቁን ድስት ዝቅ፣ መካከለኛውን ከጎኑ፣ መጥበሻውን ከፍ አድርጋ ሰቀለች፤ ክዳኖቹን ለብቻ። የፈተገችው ቂጣቸው የመስኮቱን ብርሃን ተቀበለ። እጇን ዘረጋችና አንዱን አነሣች፤ መለሰችው። ሌላውን አነሣች፤ መለሰችው። ሳትንበረከክ ድስት ማንሣት በገዛ ቤቷ ያየችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ወለሉን ጠረገች፣ በሩን ቆለፈች፣ ባዶ እጇን ወጣች። ስጦታ ተወችላት የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል። ለማንም አልሰጠችም፤ ማውረድ ነው ያቃታት።

አዲሱ የኪራይ ቤት ሁለት ክፍል ነው። አከራዩ፣ ነገሩ የፌዝ ይመስል፣ እንደ ሌሎቹ አልነበረም። «ምስማር ምቱበት፣ ግድግዳ ለምን ተፈጠረ?» አላቸው። ሾፌሩ ይህን ሲሰማ ጨፍግጎ የነበረ ፊቱ በራ። አዲሱን ሚኒባስ ደጅ አቁሞ ከሱቅ መዶሻና ምስማር ይዞ እየሮጠ ገባ።

«የኔ እመቤት፣ ሰውየው ፈቅዷል! የት ልምታልሽ? የፈለግሽበት!»

መዶሻውን እንደያዘ ራሱ ካርቶኑን ፍለጋ ጎንበስ አለ። አልጋ ስር አየ፣ ከሳጥኑ ጀርባ አየ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ደርሶ መጣ።

«ድስቶቹስ?»

«ቤታቸው ናቸው» አለችና ከሱቅ ያመጣችውን ዳቦ ቆርሳ ፊቱ አስቀመጠችለት።