ከኮሪን ጋር ወደ ታንከርስሊ ፏፏቴ

እህቴ ኮሪን ስልክ ስትደውል ሰላምታ የሚባል ነገር አታውቅም። "ማክሰኞ ምን ትሠራለህ?" አለችኝ።

"ጡረተኛ ማክሰኞ ምን ይሠራል? ምንም።"

"እንግዲያው ታንከርስሊ ትወስደኛለህ።"

ታንከርስሊ ከከተማችን በላይ፣ ሬድውድ በሚባሉት ግዙፍ ዛፎች መሃል የሚወርድ ፏፏቴ ነው። መኪና ከሚቆምበት ቦታ እስከ ፏፏቴው አራት ማይል በእግር ነው፤ መመለሻው ሌላ አራት። ኮሪን ከልጅነቷ ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደወጣችው ራሷም አትቆጥረውም። አስተማሪ በነበረችበት ዘመን ተማሪዎቿን በየጸደዩ ይዛ ትወጣ ነበር፤ ባሏ ከሞተ በኋላ ደግሞ ብቻዋን። አሁን ሰባ አራት ዓመቷ ነው። ዓይኗን የያዛት በሽታ መሃሉን ወስዶ ዳር ዳሩን ብቻ ትቶላታል። ፊት ለፊቷ ያለው ነገር ግራጫ ይሆንባታል፤ ትንሽ ወደ ጎን ስትዞር ግን ይታያታል። ስለዚህ ሰው ስታናግር ጆሮውን የምትመረምር ነው የሚመስለው።

"ለምን እኔ?" አልኳት። "ያ የእግር ተጓዦች ማኅበርሽ የት ገባ?"

"እነሱ እጄን እየያዙ 'ቀስ ይበሉ እትዬ' ይሉኛል። አንተ ለማንም አዝነህ አታውቅም።"

ስሜ ላይል ነው፤ በስድስት ዓመት እበልጣታለሁ ብል ደስ ባለኝ፣ እሷ ናት የምትበልጠኝ። አርባ ዓመት ዛፍ ስቆርጥ ኖሬያለሁ። እሷ ደግሞ ዛፍ እንዳይቆረጥ ፊርማ ስታሰባስብ ነው የኖረችው። በበዓል ቀን አንድ ጠረጴዛ ላይ ስንቀመጥ እናታችን ቢላዎቹን ራቅ አድርጋ ታስቀምጥ ነበር፤ እርግጥ ለቀልድ ነው።

አንዱ ጠባችን ግን ቀልድ አልነበረም። አባታችን በሞተ በዓመቱ፣ ከወላጆቻችን ቤት ጀርባ የቆመውን ትልቁን ሬድውድ እኔ ጣልኩት። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው። ስድስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው ዛፍ ነበር። ኮሪን ያን በጋ ከባሏ ጋር ርቃ ሄዳ ነበር። ስትመለስ ዛፉ ያጠላበት የነበረውን ቤት ፀሐይ በርታበት አገኘችው። "ውስጡ በስብሷል፤ አንድ ክረምት ቢቆይ እማዬ ላይ ይወድቅ ነበር" አልኳት። ጉቶውን እንኳ አላየችም። "ሬሳ ለማየት አልወጣም" ብላ ሄደች። ስድስት ዓመት አላናገረችኝም። እናታችን ስትታመም በአስታማሚነት ተገናኘን፤ በዚያው ማውራት ጀመርን። የዛፉ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በመካከላችን ተነሥቶ አያውቅም።

ማክሰኞ ጠዋት በፒክአፔ ሄጄ ወሰድኳት። ግንቦት ነበር፤ ሌሊቱን ዘንቦ ጉሙ ገና ከዛፎቹ አልተላቀቀም። መኪናውን አቁሜ ስወርድ የፓርኩ ጠባቂ የሆነች ወጣት ሴት መጣች።

"ወደ ፏፏቴው ነው አባት?"

"አዎ፣ እኔና እህቴ።"

"ሦስተኛው ማይል ላይ ያለውን ድልድይ የክረምቱ ጎርፍ ወስዶታል። ለጊዜው ግንድ ጥለንበታል፤ ቀስ ብለው ይሻገሩ። ጉልበትዎ ደህና ነው?"

"አንዱ ደህና ነው" አልኳት። ሳቀች።

ኮሪን መኪናው ውስጥ ሆና ጫማዋን እያሰረች ስለነበር አልሰማችም። እዚያው ስንደርስ እነግራታለሁ ብዬ ዝም አልኩ።

የመጀመሪያው ማይል ለጥ ያለ ነው። ኮሪን ምርኩዟን ይዛ ፊት ፊት ትሄዳለች፤ እኔ ከኋላ። መንገዱን በእግሯ ነው የምታነበው። "አሁን ሥር ይመጣል" ትላለች፤ ይመጣል። "እዚህ ጋ በግራ በኩል ቁልቁለት አለ" ትላለች፤ አለ። ሬድውድ ያለበት ጫካ ውስጥ የእግር ኮቴ አይሰማም፤ የረገፈው ቅጠል ምንጣፍ ነው። ወፍ እንኳ ብትኖር ከዛፎቹ ጣሪያ በላይ ናት።

"ዝናብ ሲዘንብ የሚወጣው ቢጫው ቀንድ አውጣ አለ?" አለችኝ ቆም ብላ።

"አንድ አለ፤ ልትረግጪው ነው።"

"ታዲያ አትናገርም?"

"ቅርፊት የለው፣ ጠበቃ የለው፤ ማን ይከሰኛል?"

"አንተን የማይህ ሳላይህ ነው፤ ታውቃለህ?" አለች ፊቷን ወደ ዛፉ አዙራ። "አሁን ለምሳሌ በደንብ ትታየኛለህ። ሸምግለሃል።"

ሁለተኛው ማይል አልቆ ዳገቱን እንደጨረስን ካፊያ ጀመረ። ከመንገዱ ዳር፣ ጥንት እሳት ሆዱን የበላው አንድ ትልቅ ሬድውድ አለ። ከላይ አረንጓዴ ነው፤ ከታች ግን በር እንዳለው ጎጆ ባዶ ነው። ገብተን ተቀመጥን። ከሰል የሆነው ግድግዳ እጅ ያጠቁራል። ኮሪን ፔርሙዟን ከፍታ ሻይ ቀዳችልኝ።

"ላይል፣ እዚህ ያመጣሁህ ለወሬ ነው" አለች።

"ታዲያ ስታወሪ አይደል የዋልሽው።"

"ዝም በልና ስማኝ። ባለፈው ዓመት ነፋስ ዛፍ ጥሎ የጎረቤቶቼን የሃልቮርሰኖችን ቤት ለሁለት ከፈለው። አሮጊቷ ወጥ ቤት ባትሆን ኖሮ አልቆላት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንተን ሳስብ ነው የከረምኩት። አንተ እማዬን አዳንካት፤ እኔ ደግሞ ለዛፍ ብዬ ስድስት ዓመት ወንድሜን ዘጋሁ። ልጅህ ሲመረቅ አልመጣሁም። ሚስትህ ሆስፒታል ስትገባ አልጠየቅኩም። እግሬም እንደ ዓይኔ ሳይከዳኝ፣ እዚህ ድረስ መጥቼ ይቅርታ ልልህ ፈለግሁ። ይቅር በለኝ።"

ሻዩ እጄ ላይ ቀረ። ሰው ይቅርታ ሲጠይቅህ እንደዚያ ይከብዳል ብዬ አስቤ አላውቅም። ዝም ብዬ ማለፍ እችል ነበር። 'ኧረ ተይው' ብዬ ትከሻዋን መታ ባደርጋት ነገሩ እዚያው ይቀበር ነበር። ግን ፊቷን ወደ ጎን አዙራ፣ በቀረቻት ቁራጭ ዓይን እያየችኝ ነበር።

"አልበሰበሰም ነበር" አልኳት።

"ምኑ?"

"ዛፉ። ውስጡ ጤነኛ ነበር። ጫፉ ድረስ ቀይ፣ እንደ ሥጋ። አንድም የበሰበሰ ነገር አልነበረውም።"

እጇን ከሰል በሆነው ግድግዳ ላይ አሳረፈች።

"አርባ ዓመት የቆረጥኩት ሁሉ ከትልልቆቹ በኋላ የበቀለ ሁለተኛ ትውልድ ነው፣ ኮሪን። ቀጫጭኑን። ትልቁን የጣሉት አባባና የሱ እኩዮች ናቸው። ሲያወሩ ጥግ ተቀምጬ ስሰማ አደግሁ። አባባ በሕይወት ሳለ ያን ዛፍ አያስነካም ነበር። ሲሞት… አንድ ጊዜ፣ አንድ ብቻ፣ ትልቅ ዛፍ መጣል ፈለግሁ። ሌላ ምክንያት የለውም።"

"እማዬ ታውቅ ነበር?"

"ለሷም በስብሷል ነው ያልኳት።"

ኮሪን የፔርሙዟን ክዳን ቀስ ብላ ገጠመች። ተነሣች፣ ምርኩዟን አነሣች፣ ወጣች። "ይቅርታዬን መልስልኝ" አለች ከበሩ ላይ። ከዚያ መንገዱን ይዛ ሄደች።

መጀመሪያ ትንሽ ትራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። የቀረውን ሻይ ስደፋ ነው ድልድዩ ትዝ ያለኝ።

ብድግ ብዬ ወጣሁ። ኮሪን የለችም። ቁልቁል በአንድ ደህና ጉልበት መሮጥ ምን እንደሚመስል የሞከረው ያውቀዋል። "ኮሪን! ቁሚ! ድልድዩ የለም!" እያልኩ ነው የምሮጠው፤ ጫካው ግን ድምፅ ይውጣል። ከመታጠፊያው በኋላ ቀይ ጃኬቷ ታየኝ። ዞር አላለችም። አንድ እጇን ወደ ኋላ ወርውራ 'ተወኝ' አለችኝ። እንደገና ጮኽኩ። መታጠፊያው እንደገና ሸፈናት።

ደርሼ ሳያት ከገደሉ አፍ ሁለት እርምጃ ቀርቷት ቆማለች። ምርኩዟን ፊቷ ተክላ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች። ከታች፣ የሰው ቁመት ሁለት እጥፍ ዝቅ ብሎ፣ ጅረቱ በድንጋይ ላይ ይሮጣል።

"ድልድዩ የት ሄደ?" አለች። "ጣውላው ከታች ያለውን ውኃ ያፍነው ነበር። ዛሬ ክፍት ሆኖ ነው የሚሰማኝ።"

"ጎርፍ ወስዶታል።"

"መቼ አወቅክ?"

"ጠዋት። ጠባቂዋ ነገረችኝ።"

"ሌላስ የደበቅከኝ ምን አለ?"

"ምንም። በቃ፣ ይኸው ነው።"

"እርግጠኛ ነህ? ከመሻገሬ በፊት አስብበት።"

"ለሰባኛ ዓመት ልደትሽ ያመጣሁት ኬክ እቤቴ የጋገርኩት አልነበረም፤ ከሱቅ ነው የገዛሁት።"

"እሱንማ ቀምሼው ነው ያወቅሁት" አለች። አልሳቀችም፤ ግን ምርኩዟን ሰጠችኝ።

ግንዱ ወፍራም ነበር፤ ላዩን በመጥረቢያ ጠርበው ጠፍጣፋ አድርገውታል። ቆማ እንድትሄድበት አልፈቀድኩም፤ እኔም ብሆን ቆሜ አልሄድበትም። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ እንደ በቅሎ ተፈናጠጥነውና በመቀመጫችን እየተንፏቀቅን ጀመርን። የጃኬቷን ቀበቶ ጨብጫለሁ። መሃል ላይ ስንደርስ ቆመች።

"ምነው?"

"ሱሪዬ ቅርንጫፍ ያዘው።"

"ላላቅቅልሽ?"

"እጅህን ከዚያ አንሣ! ራሴ አላቅቀዋለሁ።" ቀደድ የሚል ድምፅ ተሰማ። "ይኸው ተላቀቀ" አለች። ይሄን ጊዜ ሁለት ወጣቶች ከማዶ ደርሰው፣ እነዚህ ሽማግሌዎች ምን ነካቸው ብለው ቆመው ያዩናል። "ምን ታያላችሁ?" አለቻቸው ኮሪን፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ስታ ለቁጥቋጦው። "ተራችሁን ጠብቁ!" ልጆቹ ጨዋ ነበሩ፤ ስንደርስ እጃቸውን ዘርግተው አወረዱን።

የቀረውን አንድ ማይል እንደ ቀድሞው እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሄድን። የተለየው ነገር ቢኖር፣ ሥር በበዛበት ቦታ ላይ ክንዴን ያዘች። ድሮ ቢሆን አታደርገውም።

ታንከርስሊ ሳይታይ ነው የሚሰማው፤ ከዚያ አየሩ ይቀዘቅዝና ፊትህ ይረጥባል። ፏፏቴው ሥር ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ሳንድዊቿን አውጥታ ከሁለት ቆረጠችና ትልቁን ለራሷ ወሰደች።

"ዛሬ ምን ይመስላል?" አለችኝ።

"ያው… ነጭ ነው።"

"ነጭ መሆኑን እኔም አውቃለሁ፣ ላይል! ውኃ ወይን ጠጅ ይሆናል? ደህና አድርገህ እየው።"

አየሁት። እውነቱን ለመናገር እስከዚያ ቀን ታንከርስሊን አይቼው አላውቅም ነበር፤ በጎኑ ነው ያለፍኩት። "ከላይ ሲነሣ አንድ ግንድ ነው" አልኳት። "ለስላሳ፣ ወፍራም፣ አረንጓዴ ቢጤ። መሃል ላይ ጥቁሩ ድንጋይ ይሰነጥቀውና ሁለት ይሆናል። ግራው ቀጭን ነው፤ ቀኙ ይከብዳል። ታች ሲደርስ ከመጋዝ አፍ እንደሚወጣ ሰጋቱራ ይበተናል። ነፋስ ሲመጣ ያ ሰጋቱራ ላባ የመሰለ ቅጠል ወዳላቸው ፈርኖች ይሄዳል፤ ፈርኖቹም ሁሉም አንድ ላይ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ።"

ማኘኳን አቆመች። "የትኞቹ ፈርኖች?"

"በግራ በኩል፣ ግድግዳው ላይ የበቀሉት።"

"እዚያ ፈርን አልነበረም" አለች ቀስ ብላ። "አዲስ ነው። ስንት ይሆናሉ?"

ቆጠርኩላት። አሥራ ዘጠኝ ነበሩ።

ስንመለስ ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ በዛፎቹ መሃል የሚወርደው ብርሃን ከመሬቱ ላይ እንፋሎት ያስነሣል። ግንዱን እንደገና ተፈናጥጠን ተሻገርን። የተቃጠለው ዛፍ ጋ ስንደርስ ሳትቆም አለፈች፤ ጥቂት ከሄደች በኋላ ግን ተናገረች።

"ይቅር አላልኩህም። እንዳይመስልህ።"

"አልመሰለኝም።"

"ምናልባትም አልልህም። ይቅርታ የጠየቅሁህን ግን መልሼ አልወስድም፤ ያ የራሴ ጥፋት ነው። የልጅህ ምረቃ ዛፍ አይደለም።"

"እሺ።"

"እና ደግሞ፣" አለችና ቆመች፣ "ስለ ዛፉ ስጠይቅህ ሳትዋሽ ትነግረኛለህ። የፈለግሁ ቀን እጠይቃለሁ።"

"እሺ" አልኳት።

ከዚያ ወዲህ አምስት ጊዜ ወጥተናል። ድልድዩን በአዲስ ጣውላ ሠርተውታል። የኮሪን ዓይን ዳር ዳሩም እየጠበበ ነው፤ አሁን ከመነሻው እስከ መድረሻው ክንዴን ይዛ ነው የምትሄደው፤ እኔም የማየውን ሁሉ እየነገርኳት እሄዳለሁ። ስሳሳት ትሰድበኛለች። በየጉዞው ስለዚያ ዛፍ አንድ ጥያቄ ትጠይቀኛለች፤ ከአንድ አይበልጥም። መጀመሪያ ዕድሜውን ጠየቀችኝ፤ ቀለበቶቹን ቆጥሬያቸው ስለነበር ነገርኳት። ሌላ ጊዜ እንጨቱ የት እንደገባ ጠየቀችኝ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ "ሲወድቅ ምን ተሰማህ?" አለችኝ። ይሄኛው አጭር መልስ አልነበረውም። ከፏፏቴው ተነሥቼ ስነግራት፣ መኪናው ጋ ስንደርስ ገና አልጨረስኩም ነበር። በሩን ከፈትኩላት፤ አልገባችም። ምርኩዟን ተደግፋ፣ ፊቷን ወደ ጎን አዙራ ቆማ፣ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።